አዲስ አበባ ከማን ትበደር?

አለቃዬ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ጣቱን ከግርጌው አጠገብ አሳረፈና «አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሞት ጨመረ እንዴ?» አለኝ።

አልጨመረም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ለአዲስ አበባ 39 ይላል። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 39ኙ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ማለት ነው። የእኔ ሠንጠረዥ ግን 48 ይላል። ሁለታችንም የተነሳነው ከአንድ መረጃ ነው። ዘጠኙን የጨመረው የእኔ ሞዴል ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ዘጠኝ ታሪክ ነው።

ሥራው ሲሰጠኝ ቀላል ይመስል ነበር። የ11ዱን ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ከ5 ዓመት በታች የሕፃናት ሞት፣ ከነጥርጣሬው ልክ፣ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጥ ተባልኩ። 11 ያልኩት በ2016 የነበረውን አከፋፈል ነው። ሲዳማ ገና ክልል አልሆነም፤ ደቡብም አንድ ነበር። ይህን የምለው ዛሬ ከኢንተርኔት የሚወርድ አዲስ ካርታ ይዞ በዚያ መረጃ ላይ የሚለጥፍ ሰው ግማሽ ቀን ስለሚያጠፋ ነው። እኔ አጥፍቻለሁ።

ዳሰሳው ትልቅ ነው። 645 የቆጠራ ቦታዎች፣ 16,650 ቤተሰቦች፣ 15,683 ሴቶች። የናሙናው መነሻ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ የለንም። እያንዳንዷ እናት ስለወለደቻቸው ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ ትጠየቃለች። መቼ ተወለደ? አለ? ከሌለ፣ ስንት ጊዜው ነበር? ወር ያልሞላው ከሆነ በቀን፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ በወር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በዓመት ይጻፋል። የሞት ቁጥሩ በሙሉ የሚወጣው ከዚህ ትዝታ ነው። እናት ደግሞ «አንድ ዓመቱ ነበር» ትላለች። አሥራ አንድ ወሩ ይሁን አሥራ አራት፣ ማን በዚያ ሰዓት ወር ይቆጥራል። በመረጃው ውስጥ 12ኛው ወር ላይ ክምር ብሎ የሚታየው ሞት ከዚህ የመጣ ነው።

15,683 ሴቶች ለአገር ብዙ ናቸው። ለ11 ሲካፈሉ ግን ይሳሳሉ። በተለይ አዲስ አበባ ላይ። የአዲስ አበባ ሴት የምትወልደው ትንሽ ነው፤ በዚያው ዳሰሳ አማካዩ ለአንዲት ሴት 1.8 ልጅ ነው፣ ሶማሌ ክልል ላይ 7.2። ልደት ሲያንስ ሞትም ያንሳል፤ ደግ ነገር ነው። ለስታቲስቲክስ ሠራተኛ ግን ጥቂት ሞት ማለት የሚወዛወዝ ቁጥር ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሞት ናሙናው ውስጥ ቢገባ ወይም ባይገባ 39 የነበረው 36 ወይም 42 ሊሆን ይችላል።

የቤይዢያን ሞዴል የሚጠራው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ክልል ብቻውን አይቆምም፤ ከሌሎቹ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ። ስለዚህ ቁጥሩ የሚወዛወዝ ክልል ከሌሎቹ ትንሽ ይበደር። ቁጥሩ የጠነከረ ራሱን ይቻል። በባለሙያዎቹ ቋንቋም ቃሉ መበደር ነው፤ አቅም መበደር ይሉታል። ዕድር ብላችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም። ሁሉም ያዋጣል፣ አቅም ያጣው ይደገፋል።

አሁን ዘጠኙ ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ። መጀመሪያ ለሙከራ የገጠምኩት ከሁሉም ቀላሉን ሞዴል ነው፤ በታተሙት 11 ቁጥሮች ላይ። ሶፍትዌሩ ስታን ነበር፣ አር ከሚባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ጋር። ስሌቱ ግን በወረቀት ይሠራል፣ ካልኩሌተር ይበቃል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ትግራይ 59፣ አፋር 125፣ አማራ 85፣ ኦሮሚያ 79፣ ሶማሌ 94፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ 98፣ ደቡብ 88፣ ጋምቤላ 88፣ ሐረሪ 72፣ አዲስ አበባ 39፣ ድሬዳዋ 93። ድምር 920፤ ለ11 ሲካፈል 84 ገደማ። ይህ የክልሎቹ ተራ አማካይ እንጂ የአገሪቱ ቁጥር አይደለም፤ ሐረሪና ኦሮሚያ እኩል ድምፅ አላቸው። ክልሎቹ ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ፣ በቫሪያንስ ሲለካ፣ 491 ይመጣል። የእያንዳንዱ ክልል የናሙና ስህተት ለማሳያ ያህል 10 ነው እንበል። በቫሪያንስ 100 ማለት ነው። እንግዲህ ከ491ዱ ውስጥ 100ው የናሙና ወከባ ነው፣ ማን ናሙናው ውስጥ ገባ ከሚል ዕድል ብቻ የመጣ መወዛወዝ፤ ቀሪው 391 እውነተኛ የክልሎች ልዩነት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክልል ከአማካዩ ካለው ርቀት 100 ለ491፣ ማለትም 20 በመቶ ገደማ፣ ወደ መሃል ይሳባል።

አዲስ አበባ ከአማካዩ 45 ያህል ትርቃለች። የ45 አንድ አምስተኛ 9 ነው። 39 ሲደመር 9፣ 48።

ሶፍትዌሩ ከዚህ የተለየ ተአምር አይሠራም። ልዩነቱ እኔ 391 ብዬ የቆረጥኩትን እሱ አይቆርጥም፤ ይሄም ሊሆን ይችላል፣ ያም ሊሆን ይችላል እያለ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎች ያወጣል። ስሌቱን ለየብቻ የሚደግሙት አራቱም ሰንሰለቶች ተግባብተው ጨርሰዋል። ቀይ ጽሑፍ የለም። ማስጠንቀቂያ የለም። እኔም ደስ ብሎኝ ሠንጠረዡን አትሜ ወሰድኩ። ሞዴሉ በደንብ ተሰልቷል ማለት በደንብ ታስቧል ማለት እንዳልሆነ የተማርኩት አለቃዬ ጣቱን ሲያሳርፍ ነው።

ሞዴሉ ምን አመነ? 11ዱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብሎ አመነ። ስማቸውን ደብቄ ቁጥራቸውን ብቻ ብሰጥህ ማን ማን እንደሆነ የምትለይበት ምንም አስቀድሞ የምታውቀው ነገር የለህም፣ አለኝ። እኔ ግን አውቃለሁ። በዚያው ዳሰሳ አዲስ አበባ ውስጥ 97 በመቶው ልጅ የሚወለደው ጤና ተቋም ውስጥ ነው፣ አገር አቀፉ ግን 26 በመቶ፣ አፋር ላይ 15 በመቶ። ሸገርን ከጋምቤላ ጋር ስም ደብቄ ላወዳድር አልችልም። የማውቀውን ለሞዴሉ ካልነገርኩት እሱ ከየት ያመጣዋል?

ሌላም ጉድ አለው። አዲስ አበባ ከሌሎቹ በጣም ስለራቀች የ«ክልሎች ልዩነት» የሚባለውን ቁጥር ለብቻዋ ነፍታዋለች። እሷን አውጥቼ የቀሩትን አሥሩን ብቻ ሳሰላ አማካዩ 88 ሆነ፣ ቫሪያንሱ ከ491 ወደ 302 ወረደ፣ ጉተታውም ከ20 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወጣ። ትግራይን እዩት። አዲስ አበባ ካለች 59ኙ ወደ 64 ይሄዳል። ከሌለች ወደ 69። የትግራይ ሕፃናት ምን አደረጉ? አዲስ አበባ ሠንጠረዥ ውስጥ በመኖሯና ባለመኖሯ የእነሱ ቁጥር በአምስት ይለያያል። ይህን ለአለቃዬ ሳልነግረው ለሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ።

እሺ፣ ካርታ እንጨምርበት አልኩ። ክልል ከጎረቤቱ ይመሳሰላል የሚል ሞዴል አለ። ቤሳግ፣ ዮርክና ሞሊዬ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ ዛሬም ድረስ የበሽታና የሞት ካርታ የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። በዚህ ሞዴል አንድ ክልል የሚበደረው ከመላው አገር ብቻ ሳይሆን ድንበር ከሚጋራው ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጆን ዌክፊልድና ባልደረቦቹ ለሕፃናት ሞት ያዘጋጁት ሰመር የሚባል የአር ጥቅል ይህን ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል፤ ውስጡ የሚያሰላው ኢንላ ነው። ኢንላ በሰንሰለት አይዞርም፣ በአቋራጭ ቀመር ይገምታል። ስታን ቡና የሚያስጠጣህን ሥራ ኢንላ ስኒ ሳታነሳ ይጨርሰዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ እንደሌሎቹ ጥቅሎች ከተለመደው ማከማቻ አይወርድም፣ ከራሱ ቦታ ነው። የቢሮ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ይህችን አለማወቅ ያናድዳል።

ከታተመው ቁጥር ወጥቼ ወደ ጥሬው የወሊድ ታሪክ የገባሁትም እዚህ ላይ ነው፤ ጥቅሉ የሚፈልገው እሱን ነው። እና ወዲያው አንድ ሳቅ የሚያመጣ ነገር ገጠመኝ።

ሶፍትዌሩ ዳሰሳው የተካሄደው በ2008 ነው አለኝ። ሌላ ዳሰሳ አውርጄ ይሆናል ብዬ ፋይሉን ደግሜ አወረድኩ። ያው 2008። ሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል ነው የነቃሁት። 2008 እኮ ነው! ጠያቂዎቹ በ2008 ዓ.ም. ጥርና የካቲት ሲጽፉ የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፋይሉም እንደዚያው ተቀምጧል። ዓለም አቀፉ ሶፍትዌር ደግሞ 2008 ሲያይ የፈረንጁን 2008 ያስባል።

እነዚህ ዳሰሳዎች ቀንን የሚያስቀምጡት በወር ቁጥር ነው። ከ1900 ጀምሮ ያለፉትን ዓመታት በ12 አባዝተህ ወሩን ትደምራለህ። ጥር 2008 ማለት 108 ሲባዛ በ12፣ ሲደመር 5፤ 1301። ያው ወር በፈረንጁ ጃንዋሪ 2016 ነው፤ 116 ሲባዛ በ12፣ ሲደመር 1፤ 1393። ልዩነቱ 92 ወር። ሁሉም ቀን ላይ 92 ትደምራለህ፣ አለቀ። ቀመሩ ዓመቱን 12 ወር ስለሚያደርገው ጳጉሜ የራሷ ቦታ የላትም፤ እሷን ይቅር ብለናታል።

ደግነቱ ስህተቱ የሞት መጠኑን አያዛባም። የልደቱም የቃለ መጠይቁም ቀን በአንድ አቆጣጠር ስለሆነ በመሃላቸው ያለው ወር ትክክል ነው። የሚዛባው የዘመኑ ስም ነው። 92 ወር ሳይደመር ሞዴል የገጠመ ሰው የሞት መውረጃውን መስመር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ገፍቶ ይስላል። ከኬንያ ጋር አንድ ላይ ካስገባውማ ሁለቱን አገር በማይገናኝ ዘመን ያጋባቸዋል። ለፈረንጅ ባልደረባ ይህን ማስረዳት ይከብዳል። እኔ ግን አገሬው ሆኜ መሳቴ ነው ያሳቀኝ።

ቀኑ ተስተካከለ። ወደ ጎረቤት ተመለስኩ።

ቢሯችን አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉ አንድ ጡረተኛ የሥነ ሕዝብ ባለሙያ አሉ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ መስክ ወጥተው የሠሩ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮምፒውተር አይነኩም፤ ከኋላ ቆመው ግን ያያሉ። የጎረቤት ሠንጠረዡን ስክሪን ላይ ከፍቼ፣ ስለ አዲሱ ሞዴል በሰፊው ሳወራላቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፦

«ልጄ፣ የአዲስ አበባ ጎረቤት ማነው?»

«ኦሮሚያ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሌላስ?»

ሌላ የለም። አዲስ አበባ ዙሪያዋን በኦሮሚያ የተከበበች ናት። ሐረሪም እንደዚሁ። በዚህ ሞዴል አዲስ አበባ የምትበደረው ከአንድ ሰው ነው፤ ያውም 79 ካለው ከኦሮሚያ። ኦሮሚያ ደግሞ ከሞያሌ እስከ ወለጋ ነው። የቦሌን ሕፃን ዕድል ለመገመት የቦረናን አርብቶ አደር እጠይቃለሁ ማለት ነው። ጋሼ ሳቁና «ጎረቤት ሁሉ ቡና አይጠራራም» ብለው ወጡ። ሌላ አልጨመሩም። አያስፈልግም ነበር።

ለካርታ ሞዴል ተቃዋሚ ሆኜ አይደለም። ዞኖችን ወይም ወረዳዎችን ብናነጻጽር ኖሮ አዲስ አበባ ከቢሾፍቱና ከሰበታ ብትበደር ማንም አይከፋውም። በክልል ደረጃ ግን ድንበር የአስተዳደር እንጂ የኑሮ መስመር አይደለም።

ቀጥሎ የሞከርኩት የከተሜነትን መጠን ማስገባት ነው። ይህ ብልህ መስሎኝ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ ከተማ ናት፣ ድሬዳዋ 68 በመቶ፣ ሐረሪ 54 በመቶ። ጋምቤላ ሩብ ያህሉ ከተማ ነው፤ የቀሩት ከ10 እስከ 20 በመቶ ውስጥ ናቸው። ከተሜነት ሲጨምር ሞት ይቀንሳል፤ ሞዴሉ ይህን መስመር ይሳል፣ አዲስ አበባም ወደ አገሩ አማካይ ሳይሆን ወደዚህ መስመር ትሳብ።

በወረቀት ሠራሁት። መስመሩ አዲስ አበባ ላይ 53 ይላል። ጉተታው ሲሰላ 39ኙ ወደ 43 ይሄዳል። ከ48 ይሻላል። ደስ አለኝ።

ከዚያ ግን አንድ የምጠረጥረውን ነገር አደረግኩ። አዲስ አበባን አውጥቼ መስመሩን በአሥሩ ብቻ ሳልኩት። ቁልቁለቱ አንድ ሦስተኛ ብቻ ቀረ። ይህ አዲሱ መስመር «100 በመቶ ከተማ የሆነ ቦታ ስንት ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው 77 ገደማ ነው። ገባችሁ? ቀድሞ 53 ያለው ከተሜነት አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ናት። መስመሩን ወደ ራሷ ጎትታ ስታበቃ መስመሩ ደግሞ ስለ እሷ መሰከረላት። የራስን ብድር ራስ ዋስ ሆኖ መፈረም ነው።

ነገሩን ያበላሸችው በአብዛኛው ድሬዳዋ ናት። 68 በመቶ ከተማ ሆና 93። በከፊል የናሙና ወከባ ሊሆን ይችላል፤ በከፊል ደግሞ የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎችም አሉት፣ እነሱ ውስጥ የሚወለደው ልጅ ብዙ ነው። ሞት የሚሰላው በሕፃናት ነው እንጂ በነዋሪ አይደለም። ከተሜው ትንሽ ወልዶ ገጠሬው ብዙ ከወለደ የክልሉ የሕፃናት ቁጥር ከሕዝቡ ይልቅ ገጠር ገጠር ይሸታል። ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ስለ ፕሪየር፣ መረጃውን ሳናይ አስቀድመን ለሞዴሉ ስለምንሰጠው ግምት፣ አንድ ቃል ልበል፤ ስለ ቤይዢያን ሲወራ ሁሉም የሚጨቃጨቀው እሱ ላይ ነውና። እዚህ ጉዳይ ላይ ያን ያህል አላስቸገረኝም። 11 ክልል ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የክልሎች ልዩነት ምን ያህል ነው የሚለው ላይ ፕሪየሩ ድምፅ አለው። በድሮው ሶፍትዌር ዘመን ሰዉ ሁሉ ከመመሪያ እየገለበጠ የሚያስገባው 0.001፣ 0.001 የሚባል የጋማ ፕሪየር ነበር። «ምንም አይናገርም» እየተባለ ብዙ የሚናገር ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ወደ ዜሮ ይገፋዋል። ተዉት። ግማሽ ኖርማል የሚባለውን ፕሪየር አድርጌ፣ ስፋቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀያይሬ አየሁ። አዲስ አበባን የሚያንቀሳቅሳት ከማን ትበደራለች የሚለው ጥያቄ ነው እንጂ የፕሪየሩ ስፋት አልነበረም።

ይልቅ ያስገረመኝ የመለኪያው ጉዳይ ነው። እነዚህ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ የሚገጠሙት በሎጂት ነው፣ ማለትም የመሞት ዕድል ለመትረፍ ዕድል ተካፍሎ በሚወሰደው ሎጋሪዝም፤ ዕድል ከዜሮ በታች እንዳይወርድ። ጥሩ ልማድ ነው። ግን ልብ በሉ። የአዲስ አበባ ስህተት 8፣ የአፋር 10 ነው እንበል። በተራው መለኪያ አዲስ አበባ የበለጠች ትክክል ናት። በሎጂት ሲገለበጥ ግን የአዲስ አበባው 0.21፣ የአፋሩ 0.09 ይሆናል። ምክንያቱም 8 ለ39 ብዙ ነው፣ 10 ለ125 ትንሽ ነው። ስለዚህ አሁን በጣም ተበዳሪዋ አዲስ አበባ ናት። የሁሉም አማካይ ስህተት በሎጂት 0.12 ቢሆን ብዬ ሳሰላው 39ኙ ወደ 50 ይሄዳል፤ አፋር ከ125 ወደ 121 ብቻ። ያው መረጃ፣ ያው ሐሳብ፣ ሌላ መለኪያ፣ ሌላ ተጎጂ።

ታዲያ አዲስ አበባ ከማን ትበደር? መልሱ ዓይኔ ሥር ነበር። ከራሷ።

ከ2016ቱ በፊት ሌሎች ዳሰሳዎች አሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ 72፣ በ2011 ደግሞ 53፣ በ2016 39። የ11ዱ ተራ አማካይ በእነዚያው ዓመታት 124፣ 110፣ 84። አካፍሉት። አዲስ አበባ የአማካዩ 58 በመቶ፣ 48 በመቶ፣ 47 በመቶ ናት። ሦስቱ ዳሰሳዎች በየጊዜው አዲስ ናሙና አውጥተው፣ ሌሎች እናቶችን ጠይቀው የተሠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ ዕድል ነው ይባላል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከግማሽ አካባቢ ከሆነች ግን ይህ ወከባ አይደለም፣ ጠባይዋ ነው።

ስለዚህ ሞዴሉን ከፈልኩት። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ቋሚ ጠባይ አለው፣ ሦስቱም ዳሰሳ ስለ እሱ ይመሰክራሉ። አገሪቱ በሙሉ በጊዜ ትወርዳለች፣ ይህን ሁሉም በጋራ ይካፈላሉ። ከዚያ የየክልሉ የየጊዜው ትንሽ መዛነፍ አለ፣ እሱ ብቻ ጠንከር ብሎ ወደ ዜሮ ይሳብ። የክልሉን ጠባይ ደግሞ ከኖርማል ይልቅ ጅራተ ረጅም በሆነው የስቱደንት ስርጭት አስቀመጥኩት፤ አንድ ሁለት ክልል በጣም ቢርቅ ሌሎቹን ይዞ እንዳይነፋ። በቀላል ስሌት ሦስት ምስክር ሲኖር 100 የነበረው የስህተት ቫሪያንስ ወደ 33 ይወርዳል፤ ጉተታውም ከ20 በመቶ ወደ 8 በመቶ ገደማ።

ተጠንቀቁ፣ የታተሙትን ቁጥሮች እንዲሁ መደርደር አይቻልም። የክልል ቁጥር የሚታተመው የ10 ዓመት አማካይ ሆኖ ነው። የ2016ቱ አሥር ዓመትና የ2011ዱ አሥር ዓመት በግማሽ ይደራረባሉ። ስለዚህ ከወሊድ ታሪኩ በአምስት በአምስት ዓመት ከፋፍዬ እንደገና አወጣሁት፤ ያ 92 ወር የጠቀመኝም እዚህ ነው። ሌላ የታወቀ ጣጣም አለ። ጠያቂው አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባገኘ ቁጥር ስለ ክትባቱ፣ ስለ ጡቱ፣ ስለ ተቅማጡ ረጅም ጥያቄ ይጠብቀዋል። ፀሐይ ላይ ውሎ የደከመ ሰው ልጁን በአንድ ዓመት አስረጅቶ ሊጽፍ ይችላል። ልደት ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ይሸሻል። ይህን ሶፍትዌር አያስተካክለውም፤ ድንበሩ ላይ የሚታየውን ጉብታ እንደ እውነተኛ ለውጥ አለማንበብ ብቻ ነው።

ለአለቃዬ ያስረከብኩት ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ አለው። አንዱ ከዳሰሳው በቀጥታ የወጣው፣ ሁለተኛው የሞዴሉ። ጎን ለጎን። በመጀመሪያ ሁለተኛውን ብቻ ነበር ያሳየሁት፤ ያ ነው ትልቁ ጥፋቴ። ሁለቱ ሲለያዩ አንባቢው ያያል፣ ለምን ብሎ ይጠይቃል።

«አሁን አዲስ አበባ ሰላም ናት» አለኝ አለቃዬ ሳያት።

ሰላም ናት። ግን ሠንጠረዡን ስሠራ ከአዲስ አበባ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ መስመር ነው። የመጀመሪያው ሞዴሌ አዲስ አበባን ከ39 ወደ 48 ሲያወጣ በዚያው እጁ አፋርን ከ125 ወደ 117 አውርዶ ነበር። በእያንዳንዱ 1,000 ልደት ስምንት የሞቱ ሕፃናት ከሠንጠረዥ ጠፉ። የአፋርን ሦስት ዳሰሳ ደርድሩት፦ 123፣ 127፣ 125። የ11ዱ አማካይ ከ124 ወደ 84 ሲወርድ አፋር ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ስለ አዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት ስንከራከር ስለዚህ መስመር ማንም አልጠየቀኝም። አዲሱ ሠንጠረዥ ላይ አፋርን የመጀመሪያው ረድፍ አደረግኩት።